ውሃውም እርሾ አለው

አክሶሎትል ለሚባል የውሃ እንስሳ ውሃ ስለማዘጋጀት እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳልነካካ ገልብጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ጄሪካናችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ።

ከፊት የተቀመጣችሁት ልጆች አክሶሎትልን የተዋወቃችሁት ማይንክራፍት በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ከገባ ከ2021 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የማያውቀው ልጅ የለም። ወላጆች ግን እቤት ስትነግሯቸው “ምንድነው እሱ ደግሞ?” ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ቤት ያሉት ጥንድ አክሶሎትሎች ወልደው ልጆቻቸው አሁን የጣት ርዝመት አልፈዋል። አምስት ቤተሰብ ሊወስድ ተመዝግቧል። የዛሬው ስብሰባ ለዚህ ነው። የገንዳችሁ ውሃ ሳይሰናዳ እንስሳው ከእኔ ቤት አይወጣም። ቃሌን ቀድሜ ልስጣችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ እንስሳው ትንሽ ልበል። አክሶሎትል ዓሣ አይደለም። የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ ሳላማንደር ይባላል። ዘመዶቹ ሲያድጉ ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን ጥለው ወደ መሬት ይወጣሉ። እሱ ግን በልጅነት መልኩ አርጅቶ ይሞታል። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣው ላባ የመሰለው ነገር ስንጥቡ ነው። ዕድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ ይኖራል። እግሩ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል። በደንብ ከተያዘ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይኖራል። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንስሳው እቤት ሊጠብቀው ይችላል።

አገሩ ሜክሲኮ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሶቺሚልኮ የሚባል የቦዮችና የሐይቅ ቦታ አለ። የዱሩ አክሶሎትል በዓለም ላይ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ሶቺሚልኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎንደርስ? እኛም ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። ይህን ያወቅኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እንስሳው እንደኛው ከፍታ የለመደ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ነው። ቆላ ቢወስዱት ይሰቃያል። እኛ ጋ ግን ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የክፍላችን አየር ይስማማዋል።

አንድ የሚያሳዝን ነገርም ልጨምር። ሶቺሚልኮ ውስጥ በ1998 በተደረገ ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ገደማ አክሶሎትል ተገኝቶ ነበር። በ2014 ቁጥሩ ወደ 36 ወረደ። ከተማው ቆሻሻውን ለቀቀበት። ከውጭ የመጡ ዓሦችም እንቁላሉንና ልጆቹን በሉት። ከእነዚያ ዓሦች አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቆሮሶ! እኛ ከጣና አውጥተን ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ። በአገሩ በረከት የሆነ ዓሣ በሰው አገር ጥፋት ሆነ። ስለዚህ አደራ። ነገ ብትሰለቹት እንኳ አክሶሎትላችሁን አንገረብ ወይም ጣና ውስጥ እንዳትለቁት። ወደ እኔ መልሱት። ለምን አልቻላችሁም ብዬ አልጠይቃችሁም። ዝም ብዬ እቀበላችኋለሁ።

እሺ። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው የውሃው እርሾ ነው። ሁለተኛው ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ። ሦስተኛው ሙቀት። አንደኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ እንስሳ በብዛት የሚሞተው በዚያ ነውና።

የመጀመሪያው አክሶሎትሌ ቀሃ ይባል ነበር። በወንዙ ስም ነው የጠራሁት። የመጣልኝ መስከረም ላይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የመስታወት ገንዳውን አጠብኩ፣ ሞላሁ። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ከገንዳው ወዲያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይነበብ ነበር። ማታውኑ ቀሃን ለቀቅኩት። ሦስት ቀን ደህና ነበር። ትል ሲቀርብለት አፉን ቧ አድርጎ ትሉንም ውሃውንም አንድ ላይ ሳብ ያደርጋል። በአምስተኛው ቀን ስንጥቦቹ ወደ ፊት ታጠፉ። ከኋላው ነፋስ የሚገፋቸው ይመስሉ ነበር። በሰባተኛው ቀን የጅራቱ ጫፍ እንደ መንጠቆ ተቆለመመ። ትል አቀረብኩለት፣ ፊቱን አዞረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ውሃው አሁንም ጥርት እንዳለ ነበር። ልብ በሉልኝ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነበር!

አዲስ አበባ ዓሣ የሚያረባ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። የበላውን አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። “ውሃው ስንት ቀኑ ነው?” አለኝ።

“ውሃ ደግሞ ዕድሜ አለው እንዴ?” አልኩት።

“አለው” አለኝ።

ያን ቀን ማታ እማዬ ሊጥ ስታቦካ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቡሃቃዋን አየሁት። እማዬ ያንን ቡሃቃ አንድም ቀን በሳሙና አጥባው አታውቅም። ለምን? እዚህ ያላችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። እርሾው ያለው እዚያ ነው! ከታች ጠብ ያለችው፣ ጎኑ ላይ የያዘችው። አዲስ ቡሃቃ ተገዝቶ ያለ እርሾ ቢቦካበትስ? ሊጡ በራሱ ጊዜ እስኪነሣ ቀናት ይፈጃል። ተቸኩሎ ቢጋገር እንጀራው ዐይን አያወጣም። ጓደኛዬ በስልክ ሲያስረዳኝ የዋለው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔ ገንዳ አዲስ ቡሃቃ ነበር። እርሾ አልነበረውም።

እንዴት መሰላችሁ። አክሶሎትል ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ በስንጥቡም ቆሻሻ ያስወጣል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መልክ የለውም፣ ውሃውን አያደፈርስም። ስንጥቡንና ቆዳውን ግን ያቃጥለዋል። የተረፈ ትል ቢበሰብስም የሚሰጠው ያንኑ ነው። ታዲያ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የውሃው እርሾ እነሱ ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክላል። ሌላው ወገን ይመጣና ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ይቻላል። እኛ በየሳምንቱ ውሃ እየቀየርን እናወጣዋለን። ይህን የባክቴሪያ ሥራ ሰርጌ ዊኖግራድስኪ የሚባል ሩሲያዊ ሳይንቲስት በ1890 አካባቢ አሳይቷል። እናቶቻችን ደግሞ ስሙን ሳይሰሙ ይህን መሰሉን ጥበብ በሊጥ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት የት ነው? በብዛት ውሃው ውስጥ አይደሉም። ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅ ላይ፣ አሸዋው ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው። ስለዚህ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አስቀምጦ ማጠብ ምን ማለት ነው? ቡሃቃን በኦሞ ማጠብ ማለት ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቡናማ ሆኖ ይቅር። ነጭ እንዲሆን አትመኙ።

ታዲያ እርሾው እንዴት ይያዛል? ገንዳውን ሙሉት። ፊልተሩን አስነሡት። እንስሳ አታስገቡ። በየቀኑ ቆንጠር የምታክል የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ትበስብስ። እሷ ናት አሞኒያ የምትሰጠው። በመመርመሪያ ስታዩት መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። ሁለት ሚሊ ግራም በሊትር ሲደርስ ምግቡን ቀነስ አድርጉ። ከዚያ አሞኒያው እየወረደ ናይትራይቱ ይወጣል። ከዚያ ናይትራይቱም ይወርድና ናይትሬት ይታያል። ጠቅላላው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ማለቁ በምን ይታወቃል? አሞኒያው ሁለት ደርሶ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ስትለኩት አሞኒያም ዜሮ፣ ናይትራይትም ዜሮ ከሆነ ደርሷል። አንዱ እንኳ ከታየ አልደረሰም። ሲደርስ ከግማሽ በላይ ውሃውን ቀይራችሁ ናይትሬቱን ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች አውርዱት።

አንዲት ተማሪዬ ባለፈው ወር “መምህር፣ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ናይትራይቱ አልወርድ አለኝ” ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ቤታቸው ሄድኩ። ገንዳው ሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀምጧል። ውሃው 15 ዲግሪ ነበር። ሊጥ በክረምት አይዘገይም? ባክቴሪያውም እንደዚያው ነው። በባዶው ገንዳ እርሾ ስታስይዙ ውሃው ሞቅ ያለ ቢሆን፣ 25 ዲግሪም ቢደርስ፣ ሥራው ይፈጥናል። እንስሳው ከመግባቱ በፊት ታቀዘቅዙታላችሁ። ገንዳውን ወደ ሳሎን አወጣነው። ማሞቂያም ተውሰን አስገባንበት። በአሥር ቀኑ ደወለችልኝ፤ ናይትራይቱ ዜሮ ሆኗል። ጩኸቷን ጎረቤቶቼ ሳይሰሙት አልቀሩም።

ደግሞም ጎረቤት ካለ ለምን ስምንት ሳምንት እንጠብቃለን? እርሾ ያለቀባት ሴት ምን ታደርጋለች? ኩባያ ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች! ከእኔ ገንዳ የቆየ ስፖንጅ ቆርጬ እሰጣችኋለሁ። እርጥብ እንደሆነ፣ ከገንዳው ውሃ ጋር በፌስታል ቋጥራችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ፊልተራችሁ። ማራኪ ላለም፣ አዘዞ ላለም ይደርሳል። ያኔም ቢሆን ሳትለኩ እንስሳ እንዳታስገቡ።

ሁለተኛው ነጥቤ ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ ነው። ውሃችን ክሎሪን አለው። ለእኛ ጤና የተደረገ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ለአክሶሎትል ስንጥብና ለእርሾው ግን ጠንቅ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ሮቶ ውስጥ ውኃ አጋር ወይም በረኪና ጠብ እናደርጋለን። ገንዳ የምትሞሉበት ውሃ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት እቤት ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ልሞላ ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። ጠዋት በረኪና ጨምራበት ኖሯል።

መላው ቀላል ነው። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አሳድሩት። የአየር ፓምፕ ብታስገቡበት ይፍለቀለቅና ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። አፉ የተዘጋ ጄሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ግን ሳምንት ቢቀመጥም አትመኑት። በአንዳንድ አገር ክሎራሚን የሚባል ይጠቀማሉ፤ እሱ በማሳደር አይወጣም። ስለዚህ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያገኘ ሰው ይጠቀም። የሚበልጠው እሱ ነው።

የዝናብ ውሃስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሐምሌ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ማለታችሁ ነው። ተዉት። ቆርቆሮው ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ከአሸንዳው ጋር ብዙ ነገር አጥቦ ይወርዳል። ንጹሕ ዝናብ እንኳ ቢሆን ማዕድን የለውም። አክሶሎትል ደግሞ ማዕድን ያለው፣ ጠንከር ያለ ውሃ ነው የሚወደው። ፒኤቹ፣ የውሃው የአሲድነት መለኪያ ማለቴ ነው፣ ሰባት ተኩል አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ከስድስት ተኩል በታች ከወረደ እርሾውም ይደክማል። ስምንትን ካለፈ ደግሞ ያለው አሞኒያ ይበልጥ መርዝ ይሆናል።

ልጅ እያለን ጥር ሲገባ ፋሲል መዋኛ ሲሞላ ለማየት እንሄድ ነበር። የቀሃ ውሃ በቦዩ መጥቶ ደረቁን ገንዳ ቀስ እያለ ይሸፍነዋል። ከድንጋዩ ግንብ ላይ የዛፎቹ ሥር ተንጠልጥሏል። እኛ ድንጋዩ ላይ ምልክት እናደርግና ነገ ስንመጣ ውሃው ስንት ምልክት እንደዋጠ እንቆጥራለን። ለጥምቀት የሚሞላው በዋዜማው ማታ አይደለም። ቀድሞ ነው የሚሰናዳው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚመጣበት ውሃ ተጠብቆ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚገኘው። ገንዳዬን ስሞላ ይህ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ላንሳ። እማዬ ናት ያነሣችብኝ። “ሰው ጄሪካን ተሸክሞ በሚውልበት ከተማ ለአንድ እንስሳ ውሃ ታፈሳለህ?” አለችኝ። ጥያቄዋ እውነት ነው። ስለዚህ ልኩን ልንገራችሁ። ለአንድ አክሶሎትል 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። በሳምንት ሩቡን ትቀይራላችሁ። ይህ አንድ ባለ 25 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ነው። የወጣው ውሃ አይደፋም! ናይትሬት ማዳበሪያ ነው። እማዬ ዛሬ ያንን ውሃ ራሷ ነው የምትጠብቀው። ጓሮ ያለው ጎመኗ ቅጠሉ እጅ ያክላል። ውሃ ሁለት ሳምንት ሳይመጣ ሲቀርስ? ምግብ ቀንሱ። ትልቁ አክሶሎትል በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። የተረፈውን ትል ወዲያው በትልቅ መርፌ፣ ያለ ሹሉ፣ መጥጣችሁ አውጡ። ጥሬ ሥጋ አትስጡ። እኛ ስለምንወደው እሱም የሚወደው ይመስለናል፤ ስቡ ግን አይስማማውም፣ ውሃውንም ያበላሻል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ይህን ቶሎ ልለፈው። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። 20 ይችለዋል። ከ24 ካለፈ አደጋ ነው። ክረምት ላይ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። እንስራ ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ ውሃው በላቡ ወጥቶ ሲተን ነው። ገንዳውም እንደዚያ ነው። ክዳኑን በወንፊት ሽቦ ቀይሩና ትንሽ ቬንትሌተር የውሃው ፊት ላይ አስነሡበት። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይወርዳል። ካልበቃ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዛችሁ፣ በረዶ ሲሆን ከነጠርሙሱ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፉት። ቀስ ብሎ ይውረድ። በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዝም ያሳምማል።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ የእኛው ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል። ባክቴሪያው ኦክስጅን ያጣል። በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ድሮውንም ከቆላው ያነሰ ነው። በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያዙ። ስፖንጅ ፊልተር የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ በዚያችው ፓምፕ ይነሣል። ፊልተራችሁ የተዘጋ ዓይነት ከሆነና ብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ መብራት እንደመጣ እንዳታስነሡት። ውስጡ የቆየው ውሃ ይሸታል። ድፉትና ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቃችሁ መልሱ።

እንግዲህ ዛሬ ከገንዳችሁ በጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ እንድትመጡ ነግሬያችሁ ነበር። አምስታችሁም ይዛችኋል? ወደዚህ ጠረጴዛ አምጡት። ልጆች፣ ጠጋ በሉ። በእያንዳንዷ ብልቃጥ አምስት ሚሊ ሊትር ቀድቼ ከአንደኛው የአሞኒያ መመርመሪያ ፈሳሽ ስምንት ጠብታ፣ ከሁለተኛው ስምንት ጠብታ እጨምራለሁ። ነቅነቅ አድርገን አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም ማለት ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ። አረንጓዴ የሆነበት ቤተሰብ የሚወስደው አክሶሎትል ከእኔ ጋ ይቆያል፤ እየመገብኩ እጠብቃችኋለሁ። ስፖንጅም ቆርጬ ዛሬውኑ እሰጣችኋለሁ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ የማን ነው?